«ከተማሪ እስከ ፕሮፌሰር» ሲባል እኛ የት ገባን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አጥቢ እንስሳት ሥነ ተዋልዶ ምርምር ጉባኤ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላውን ልተወውና በአንዷ ዐረፍተ ነገር ላይ ልቁም፦ «ከተማሪ እስከ ፕሮፌሰር ማንም ያልቀረበት ጉባኤ»። እኛ ግን ቀርተናል። የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች ከአዳራሹም ከዘገባውም ቀርተናል።

በአይጥ እንቁላልና ፅንስ ላይ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። ለአይጧ የመጀመሪያው የሆርሞን መርፌ በተሰጠ በ48 ሰዓት ገደማ ሁለተኛው ይሰጣታል፤ ከዚያ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ እንቁላሎቹ ይወርዳሉ። እሑድ ይሁን፣ ልጅ ይታመም፣ ያኔ ማይክሮስኮፑ ላይ መገኘት ግድ ነው። ያበጠውን የእንቁላል ቱቦ በመርፌ ጫፍ ቀደድ ሳደርገው፣ እንቁላሎቹ በሚያጣብቅ ጉም እንደተጠቀለሉ ዝርግፍ ይላሉ። ቶሎ ብዬ በዘይት ወደ ተሸፈነችው ጠብታ፣ ከዚያ 37 ዲግሪ ወዳለው ማሞቂያ አስገባቸዋለሁ። እጅ ከዘገየ የሳምንት ልፋት ገደል ይገባል። በጉባኤ ላይ የሚጨበጨብለት ያማረ የፅንስ ፎቶ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ጉባኤ ልካፈል ብዬ የምዝገባ ቅጹን ከፈትኩ። ተማሪ፣ ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ፣ ፕሮፌሰር፣ «ሌላ» ይላል። «ሌላ» የሚለውን ስመርጥ ከሁሉም የሚበልጠው ክፍያ መጣ። የጉዞ ድጋፍ ስጠይቅ የዶክትሬት ተማሪ ለመሆንሽ ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ቀረሁ። የሥራችንን ውጤት የያዘውን ፖስተር ሌላ ሰው አቀረበው፤ ፅንሶቹ ስላደጉበት ፈሳሽ ሲጠየቅ መልሱ ጠፍቶበት እዚያው ቆሞ በስልክ ጻፈልኝ።

ዘገባችሁ ያመሰገነውን እኔም አመሰግናለሁ። የሴት ተናጋሪዎች መብዛት፣ ለሚያጠቡ እናቶች ክፍል መዘጋጀቱ ብዙ የተለፋበት ነገር ነው። ነገር ግን አካታችነት የሚለካው መድረክ ላይ ያሉትን በመቁጠር ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

የእኛ ሙያ መዘለል ደግሞ ዛሬ አልጀመረም። ጂን ፐርዲ ነርስ ነበረች፤ እንቁላልን ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ ማዳበርን ከጀመሩት አንዱ በሆነው ሳይንቲስት በሮበርት ኤድዋርድስ ዘንድ በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ገባች። በዚህ ዘዴ ከተወለዱት የመጀመሪያዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን ገና ፅንስ ሳለች፣ ሴሉ መከፋፈሉን በመጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ሉዊዝ በተወለደችባት የእንግሊዝ ከተማ በኦልድሃም ለዚህ ሥራ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሲዘጋጅ ኤድዋርድስ የፐርዲ ስም እንዲገባ ቢወተውትም ሰሚ አላገኘም። ስሟ ያለበት ሰሌዳ የተሰቀለው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በ39 ዓመቷ ካረፈች 30 ዓመት አልፎ።

ስለዚህ ያቺ ዐረፍተ ነገር እንድትታረም እጠይቃለሁ። ለእርማቱ ወደ ጉባኤው አዘጋጆች ስትደውሉም ይህን ጠይቁልኝ፦ «ሌላ» በሚለው ሥር ስንት ሰው ተመዘገበ? ስንቱስ ቅጹን ጀምሮ ክፍያው ላይ ሲደርስ ዘጋው?

ከአንዲት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን