ከሆስፒታሉ በፊት በረቱን እንይ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ወረርሽኝ ዝግጅት የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። የሕሙማን አልጋው፣ ላቦራቶሪው፣ በየኬላው የሚደረገው የሙቀት ልኬት ሁሉ ይነሳል። በግና ፍየል ግን አይነሱም። የእንስሳት ሐኪም ነኝና ቅር ይለኛል።

ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈውን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን እንውሰድ። ቫይረሱ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1931 ኬንያ ውስጥ፣ ናይቫሻ አካባቢ፣ ከታመሙ በጎች ነው። ቫይረሱን የያዘ የትንኝ እንቁላል ደረቅ መሬት ውስጥ ዓመታት ይቆይና ሜዳው በዝናብ ሲጥለቀለቅ ይፈለፈላል። ከዚያ ትንኙ የነከሳቸው ያረገዙ በጎች በጅምላ ያስወርዳሉ፤ ግልገሎች ያልቃሉ። ሰው የሚታመመው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው፤ ያረደው፣ ያዋለደው፣ ጭንጋፉን በባዶ እጁ ያነሳው ሰው። ስለዚህ አደጋውን ቀድሞ የሚያየው አርብቶ አደሩ ነው።

እሱ ግን ለምን ይናገራል? እ.ኤ.አ. በ2000 በሽታው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ የአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት ንግድ ተዘጋ። ሳዑዲ ዓረቢያ በሶማሊያ እንስሳት ላይ የጣለችውን እገዳ ያነሳችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ይህን የሚያስታውስ ሰው «በጎቼ አስወረዱ» ብሎ ቢሮ ድረስ አይመጣም፤ እኔም ብሆን አልመጣም። ለጠቆመ ካሣ የሚከፍል፣ የኢጋድ አገሮች በጋራ የሚያዋጡት ገንዘብ ያስፈልጋል። እገዳውም አገርን በሙሉ ሳይሆን በሽታው የተገኘበትን አካባቢ ብቻ እንዲመለከት ከገዢ አገሮች ጋር አሁኑኑ መነጋገር ይገባል። ወረርሽኝ ከገባ በኋላ የሚሰማ የለም።

ክትባቱም እንዲሁ ነው። ለእንስሳት የሚሆን ክትባት አለ፤ ነገር ግን በሽታው ከተነሳ በኋላ መርፌ ሳይቀይሩ መንጋውን መከተብ ቫይረሱን ከታመመው ወደ ጤነኛው ማዛመት ይሆናል። መሰጠት ያለበት ከዝናቡ በፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የሳተላይት መረጃ የሚከታተሉ ባለሙያዎች አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። ያም ሆኖ በሽታው ኬንያን፣ ሶማሊያንና ታንዛኒያን አዳረሰ፤ በኬንያ ብቻ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዛሬም የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል በየወቅቱ የዝናብ ትንበያ ያወጣል። ትንበያውን አይቶ «ክትባቱ ይውጣ» ብሎ የሚያዝዘው የጤና ቢሮው ነው ወይስ የእንስሳት ሀብት ቢሮው? የሚመለከታቸው አካላት በዚሁ ጋዜጣ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም