አንገትሽን ለማንም ከመስጠትሽ በፊት

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ትናንት ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «አንተን ያዳነህ ሰውዬ ለእኔም ይሆነኛል፤ ቀጠሮ ያዝልኝ» ስትዪኝ ሳላስብ ነው እሺ ያልኩሽ። ይህን የምጽፈው እሺታዬን መልሼ ለመውሰድ ነው። በቃል ብነግርሽማ ገና ግማሹ ላይ ሳልደርስ ወሬ ታስቀይሪኛለሽ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ለካይሮፕራክተሩ፣ አከርካሪንና አንገትን በእጁ ለሚያክመው ሰውዬ፣ ምስጋና አብዝቻለሁ። «አንገቴን ቋ ሲያደርገው ራስ ምታቴ እዚያው ጠፋ» ብዬሽ ነበር። ያን ቀን ስወጣ አንገቴ ቀሎኝ ነበር፣ ይህ ውሸት አይደለም። በሦስተኛው ቀን ግን ራስ ምታቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። በመሃሉ የኮምፒውተሬን ስክሪን ወደ ዓይኔ ከፍታ አነሳሁ። አገጭን ወደ ውስጥ እየሳቡ የሚሠራ እንቅስቃሴ አሳይቶኝ ነበር፣ እሱንም በየቀኑ ሠራሁ። የትኛው እንዳሻለኝ ብጠየቅ መለየት አልችልም። ላንቺ ያወራሁልሽ ግን «ቋ» የሚለውን ብቻ ነው። ወሬው እሱ ላይ ነዋ የሚያምረው።

ድምፁም ቢሆን ወልቆ የነበረ አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ የሚሰማ አይደለም። ጣት ስናንቋቋ እንደምንሰማው ነው፤ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለው ጋዝ የሚመጣ። ሙያውን በ1895 አሜሪካ ውስጥ የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው ነው። እሱ የአብዛኛው በሽታ መነሻ የአከርካሪ አጥንት መዛነፍ ነው ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ በሙያው ካሉት ብዙዎቹ የሚያክሙት ጀርባን፣ አንገትንና ከአንገት የሚነሳ ራስ ምታትን ነው። ግፊትሽንም በአንገትሽ በኩል አስተካክላለሁ የሚል ካጋጠመሽ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ።

ከአንገት የሚነሳ ራስ ምታት ግን እውነት አለ። የላይኛዎቹ ሦስት የአንገት ነርቮችና የፊትን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ ወደ አንጎል ሲገቡ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ አንጎል ይምታታበታል። ሕመሙ ማጅራት ላይ ሆኖ ሳለ ከዓይን ጀርባ ይሰማል። የእኔው እንደዚያ ነበር፤ በአንድ ወገን ብቻ፣ ዞር ስል የሚብስ። በ2002 አውስትራሊያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ራስ ምታት ያለባቸው 200 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቶች በእጃቸው ያከሟቸውም፣ የአንገት እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩትም፣ ካልታከሙት ይልቅ ተሽሏቸዋል፤ ከዓመት በኋላም ጭምር። ለእንቅስቃሴው ማንም አንገትሽን መጠምዘዝ የለበትም። ይህን ልብ በይልኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ አይደለም። ወሬያችን መሃል ጣል አድርገሽ ያለፍሽው ነገር ነው። «ፀጉሬን ሳበጥር ጆሮ ግንዴ አካባቢ ያመኛል» አልሽ። እኔም «ትራሱ ይሆናል» አልኩሽ። የደነገጥኩት ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ድሮ የማያውቀው ራስ ምታት ሲጀምረው፣ የራስ ቆዳው ሲነካ ሲያመው፣ ሲያኝክ መንጋጋው ሲዝልበት፣ ሐኪሞች የሚጠረጥሩት አንድ በሽታ አለ። በጆሮ ግንድ በኩል የሚያልፉት የደም ስሮች ይቆጣሉ። ቶሎ ካልታከመ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው፤ ምርመራውም የሚጀምረው በደም ነው። ያ ነው የያዘሽ አላልኩም። ምናልባት እውነትም ትራሱ ይሆናል። ግን ማንም አንገትሽን ከመንካቱ በፊት ይህ መጣራት አለበት።

ደግሞም የእኔና ያንቺ አንገት አንድ አይደለም፣ አትቆጪኝ። ያንቺ አጥንት መሳሳቱ ተነግሮሻል። ደም ማቅጠኛ ትወስጃለሽ። ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት ስሮች ሁለቱ የሚያልፉት በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ነው። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ አልፎ አልፎ ሊሰነጠቁና ስትሮክ ሊያመጡ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። እንዲያውም ይህ ከደረሰባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ስሩ ቀድሞ ተሰንጥቆ፣ በዚያው ሕመም የተነሳ ወደ ካይሮፕራክተር የሄዱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ያም ሆነ ይህ፣ ያንቺን አንገት ቋ እንዲያደርግ ለማንም አልፈቅድም።

ሌላው የማስታገሻው ነገር ነው። በቦርሳሽ፣ በትራስሽ ሥር፣ በኩሽናው መሳቢያ... የማይገኝበት የት አለ? በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ ከተዋጠ ራስ ምታቱን ራሱ ማስታገሻው ሊያመጣው ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ የዋጥሽበትን ቀን የቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጊበት። አልቆጣሽም፣ ሐኪሙ ስለሚጠይቅሽ ነው። የደም ማቅጠኛውን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ።

ሐኪሙ «ችግሩ የአንገት ጡንቻ ነው፣ በእጅ መታከም ትችያለሽ» ካለ እኔው ይዤሽ እሄዳለሁ። ያኔ ገና አልጋው ላይ ሳትተኚ በእጁ ለሚያክምሽ ባለሙያ ስለ አጥንትሽና ስለ መድኃኒቶችሽ ትነግሪዋለሽ። ቀስ ብሎ የሚያፍታታና ጡንቻ የሚያሽ እንጂ ድንገት የሚጠመዝዝ እንደማትፈልጊም ትነግሪዋለሽ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይከፋም። ከተከፋም ለእኛ አይሆንም።

እስከዚያው አንድ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፤ ከሐኪም ጋር፣ ነገ ከሰዓት። የመድኃኒቶችሽን ሳጥን በሙሉ ያዢ። እስከ ቀጠሮው ድረስ ዓይንሽ ቢደበዝዝ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ቢታይሽ «ለነገ ይቆየኝ» እንዳትዪ። ያኔውኑ ደውዪልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንሄዳለን።

ጠዋት እደውላለሁ። ቁርስሽን ስትበዪ መንጋጋሽ ይዝል እንደሆነ አስተውዪና ጠብቂኝ። መጀመሪያ የምጠይቅሽ እሱን ነው።

ልጅሽ