ለእማዬ ስለ ውሃ ደውዪላት

ደሴ፣ ጳጉሜን 2

እታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? የውሃ ሽታ ሆኜ መክረሜን አውቃለሁ። ለኢድ እንኳን አደረሰሽ ሳልልሽ ይህን ያህል ጊዜ መቆየት አልነበረብኝም፤ ይቅር በይኝ። የሐይቁን ነገር ግን በደብዳቤ አላነሳውም፤ እሱ ፊት ለፊት ተቀምጠን የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ደግሞስ በኩርፊያ ማን ይስተካከልሻል? ከትምህርት ቤት እስከ ሸዋ በር ድረስ ጥቂት እርምጃ ቀድመሽኝ፣ ፊትሽን አዙረሽ፣ ቃል ሳትተነፍሺ ስትሄጂ እናትሽ ከሩቅ አይታን «ዛሬ ደግሞ በምን ተጣላችሁ?» የምትለው ዛሬም በጆሮዬ አለ።

የጻፍኩልሽ ግን ለዚህ አይደለም። ጉዳዩ የእማዬ ነው። አትደንግጪ፤ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ትስቃለች። ነገር ግን ውሃ መጠጣት ትታለች።

ትታለች ስልሽ አላጋነንኩም። ጠዋትና ማታ የስኳር ክኒኗን የምትውጥበት አንድ ሲኒ የማይሞላ ውሃ አለ፤ ከዚያ ውጭ ብርጭቆ አታነሳም። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ያወፍራል» አለችኝ። መጀመሪያ ላይ ሴቶች ቡና ላይ «እኔ እኮ ውሃ ብጠጣም እወፍራለሁ» እያሉ የሚያማርሩት ዓይነት ወግ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ከልቧ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ለክትትል ሄዳ ያየቻት ባለሙያ «ክብደት መቀነስ አለብዎት» አለቻት። ወረፋው ረጅም ስለነበር ምኑን እንደምትቀንስ፣ ከየት እንደምትጀምር የነገራት የለም። ባዶውን ቦታ የሞላችው ከአጥራችን ማዶ ያለችው እትዬ ናት፤ ለሠርግሽ ድፎውን የደፋችልሽ። ክፉ ሰው እንዳልሆነች አንቺም ታውቂያለሽ። እማዬ በታመመች ቁጥር ሾርባ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ግን ጅዳ ያለችው ልጇ ስለ ጤና የሚወራውን ሁሉ በስልክ ትልክላታለች፣ እትዬም የሰማችውን ሳታድር ለእማዬ ታደርሳለች። ውሃ ካሎሪ አለው የሚለው በዚህ መንገድ ነው ቤታችን የገባው።

ማስረጃም አላቸው። የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይተሽው ታውቂያለሽ? ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዝየም፣ ባይካርቦኔት እያለ በቁጥር ይደረድራል። እትዬ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ፣ በጣቷ አንድ በአንድ እየጠቆመች «ይኸው፣ ምግብ አለበት ይላል» አለቻት። ማዕድን ነው እኮ! ከዓለትና ከአፈር ሟሙቶ የሚገባ ጨው ነው፤ በሊትር የሚለካው በሚሊግራም ነው፣ ካሎሪ የሚባል ነገር የለበትም። አምቦ ውሃም ያው ነው፤ ማዕድኑም ጋዙም ሰው አያወፍርም።

እማዬን ያሳመናት ግን ወረቀቱ አልነበረም፤ ሚዛኑ ነው። ፒያሳ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች ታስታውሻለሽ? እትዬ እማዬን ይዛት ሄደች። ጫማዋን አውልቃ ወጣች፤ 84። ከዚያ ከጎን ካለው ሱቅ ሁለት ትናንሽ ሃይላንድ ተገዛና እማዬ ቆማ ሁለቱንም ጨረሰቻቸው። እንደገና ወጣች፤ 85። ልጁ ራሱ «እማማ፣ አንድ ኪሎ ጨመሩ» አላት። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንዴት እንደነበረ ብታይው! በዓይኗ ያየችውን ሰው በምን ታሳምኚዋለሽ?

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። በሆዷ ብትይዘውም በእጇ ብትይዘውም ሚዛኑ ያንኑ ይላል። ሰውነት ትርፉን ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽንት ያስወጣዋል፤ ማታ ተመልሳ ብትመዘን ኖሮ ያቺ ኪሎ የለችም። ውፍረት ማለት የተከማቸ ስብ ነው፣ ስብ ደግሞ ከውሃ አይሠራም። እለምናታለሁ፣ ተመልሰን እንመዘን እላታለሁ፤ «አንዴ አይቻለሁ» ትለኛለች።

እኔ ለተማሪዎቼ ይህን በየዓመቱ አሳያለሁ። በሙከራ ቱቦ ውስጥ ሃይድሮጅን እናጠራቅምና የሚነድ ክብሪት ስናስጠጋው «ጷ» ብሎ ይፈነዳል፤ ልጆቹ ይጮኻሉ። ጩኸቱ ሲበርድ ቱቦውን ወደ ብርሃን አነሳላቸዋለሁ። ግድግዳው ላይ ስስ ጤዛ ይቀራል። ያ ጤዛ ውሃ ነው፤ ተቃጥሎ ያለቀ ሃይድሮጅን። ከአመድ እሳት እንደማይወጣ ከውሃም ጉልበት አይወጣም። ሰውነታችን ካሎሪ የሚያገኘው ከአንድ ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4፣ ከፕሮቲን 4፣ ከስብ 9፣ ከአልኮል 7 ነው። ከውሃ ዜሮ። እንዲያውም ምግብ ላይ የምንቆጥረው አንድ ካሎሪ አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቅ ሙቀት ነው። በዚህ ምክንያት ቀዝቃዛ ውሃ ስብ ያቃጥላል የሚሉም አሉ። ሰውነት 10 ዲግሪ ላይ ያለን አንድ ሊትር ወደ 37 ለማድረስ የሚያወጣው 27 ካሎሪ ብቻ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ አይሞላም። አያወፍርም፣ አያከሳም፤ ውሃ ነው።

አሁን የሚያንገበግበኝን ስሚ። ውሃን የፈራችው እናቴ ማርን አትፈራም። «ስኳር ትቻለሁ» ብላ ሻይዋን በማር አድርጋዋለች፤ ከላስታ የመጣላት ነጭ ማር አለ፣ ጣሳው ከራስጌዋ አይለይም። ጠዋት በባዶ ሆዷ ደግሞ ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ተጨምሮበት፤ ስብ ያቀልጣል ተብላ። ውሃ ነው ስላት «ይህማ መድኃኒት ነው» አለችኝ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 64 ካሎሪ አለው፣ ከአምስት እጁ አራቱ ስኳር ነው። የጠዋቱንና የሻዩን ስደምረው በቀን አምስት ማንኪያ ይደርሳል፤ ከ300 ካሎሪ በላይ፣ ከ80 ግራም የማያንስ ስኳር፤ ያውም የስኳር ሕመምተኛ! ንብ ሠራችው ተብሎ ደም ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር አይሆንም። ሎሚውም ስብ አያቀልጥም፤ የራሷ ጨጓራ አሲድ ከሎሚ ይበረታል፣ እሱም ቢሆን ወገቧ ላይ ያለውን አልነካውም። ለሠርግ ቀሚስሽ ብለሽ ኮምጣጤ ስትጠጪ ጨጓራሽን ይዘሽ ማደርሽን ልንገራት ብዬ ነበር፤ ለአንቺ ተውኩልሽ፣ ራስሽ ብትነግሪያት ይሻላል።

የቀረው በየፈርጁ ነው። ዘይቱ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ ስለተጻፈ እጇን ሳትሰበስብ ታፈሳለች። ኮሌስትሮል ከእንስሳ እንጂ ከተክል አይመጣም፤ የሌለውን የለም ማለት ምን ሙያ ነው? በደሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ዓይነት ስብ ነው፣ አንዷ የሾርባ ማንኪያም 120 ካሎሪ ናት። የጤፍ እንጀራ ስኳር የለውም የሚለውም አለ። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ ለአንጀት የሚጠቅም አሰር አለው፤ ስታርቹ ግን እንደ ስንዴው ሁሉ ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። አሁን እንቁጣጣሽ ሲደርስ ደግሞ ለእንግዳ የሚመጣው ለስላሳ አለ። በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ያለበትን ጠጥታ ውሃውን ስትመልስ ማየት አልችልም።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ውፍረቱን አይደለም። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ትርፉን በሽንት መጣል ይጀምራል፣ ስኳሩም ውሃውን ጎትቶ ይወጣል። እማዬ ሌሊት ደጋግማ የምትነሳው ለዚህ ነው። እሷ ግን የሽንቱ ብዛት ከውሃው መስሏት ውሃውን ስለቀነሰች እንቅልፍ አገኛለሁ ትላለች። የሚሆነው ተቃራኒው መሆኑን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የወጣው ካልተተካ ደሟ ይወፍራል፣ ስኳሩ ይብስበታል፣ ሲከፋም ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ሰሞኑን ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ከቡና ላይ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች፤ ሳያት «እግሬ ተኝቶ ነው» ትላለች።

እና መስከረም 21 ግሼን ልትወጣ ነው። ክብደት ለመቀነስ የቸኮለችውም ለዚህ ነው፤ የመጨረሻውን አቀበት በእግሬ ካልወጣሁ ብላለች። አምባሰል ፀሐይ ላይ፣ በዚያ ሕዝብ መሀል፣ ያለ ውሃ። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። አትሂጂ አልላትም፤ ስዕለት አለባት፣ ማንም አያስቀራትም።

እስካሁን የማደርገውን ልንገርሽ። ሽሮውን አቅጥኜ እሠራለሁ፣ ድንቹን በመረቅ አቀርባለሁ፣ ብርቱካን ልጬ ከአጠገቧ አስቀምጣለሁ። እንጀራው ራሱ ከግማሽ በላዩ ውሃ መሆኑ ያጽናናኛል። በቀን ስምንት ብርጭቆ ካልጠጣሽ ብዬም አላስጨንቃትም። ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳነብ፣ በ1945 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካ የምግብ ጉዳይ ቦርድ ለአዋቂ ሰው 2.5 ሊትር ገደማ ይበቃል ሲል አብዛኛው ምግብ ውስጥ እንዳለ አብሮ ጽፎ ነበር፤ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ረሳው። እኔ የምለምናት በየማዕዱ አንድ ብርጭቆ፣ በመሀልም በጠማት ቁጥር ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ስለሚደክም በየማዕዱ ያልኩት ለዚያ ነው። እሱንም «ከምግብ ጋር ውሃ ጨጓራ ያቀጥናል» ብላ መለሰችልኝ። ጨጓራ እንደ ምግቡ አሲዱን ያመነጫል፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ አያሸንፈውም። ብነግራት «አንቺ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነሽ እንጂ ሐኪም አይደለሽም» አለችኝ።

እንግዲህ... እንዴት ብዬ ልበልሽ። የአንቺን ቃል ትሰማለች። ነርስ ከሆንሽ ወዲህ ብቻ አይደለም፣ ድሮም እንዲያው ነበር። እኔ ስናገር «ተይኝ» የምትለውን አንቺ ስትደግሚው «እውነትሽን ነው ልጄ» ትላለች። ለዓመታት ይህ ሲያስቀናኝ ኖሯል፤ ነግሬሽ አላውቅም። ዛሬ ግን ያ እምነት ስላለ አምላኬን አመሰግናለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ሲፈላ ደውዪላት። መጀመሪያ ስለ ልጆችሽ አውሪያት፣ ስለ እናትሽ ጠይቂያት። ከዚያ ራስሽ አምጪው። በረመዳን እናትሽ ከቴምሩ ጋር የመጀመሪያውን ብርጭቆ ውሃ ለሁላችን ስታድል እማዬም እዚያ ነበረች፤ ከዚያ ብትጀምሪ ልቧ ይከፈታል። የሚዛኗን ነገር አትንቂባት፤ በእርግጥ ኪሎ ጨምሯል፣ የጨመረው ግን ውሃው ራሱ ነው በያት። ማሩን ባንድ ጊዜ ጣይ አትበያት፤ የጠዋቱን ብቻ ብታስቀርልን ትልቅ ነገር ነው። እትዬ አጠገቧ ከሆነች ድምፁን ከፍ አድርጋ ሁለቱም እንዲሰሙሽ ጠይቂ፣ እሷም የአንቺን ቃል ታከብራለች። እኔ እንደጻፍኩልሽ ግን አትንገሪያት።

አንድ ጥያቄም አለኝ፣ ይህ ለአንቺ ብቻ ነው። ኩላሊት ወይም ልብ የታመመ ሰው ሐኪም ውሃ የሚመጥንለት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ለእማዬ እንዲህ ያላት ሐኪም የለም። ቢሆንም ከግሼን በፊት ኩላሊቷን ላስመርምራት ወይ? የትኛውን ምርመራ ልጠይቅ? ክኒኗ ሜትፎርሚን ነው፣ የወሰደችው ከጀመረች ጀምሮ እሱን ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ ምን ልያዝላት? አብሬያት ነው የምወጣው።

ከነገ ጀምሮ ስልኬ ክፍት ነው፤ በየትኛውም ሰዓት ብትደውዪ አነሳለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እህትሽ፣ ከደሴ