ማፋጠኛ ማብላያ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ኑክሌር ፊዚክስ ላቦራቶሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። የቅንጣት ማፋጠኛን (የአተም ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስወነጭፍ መሣሪያ) ከኑክሌር ማብላያ (የአተም እምብርትን እየሰነጠቀ ሙቀት የሚያመነጭ ምድጃ) ጋር አንድ አድርጋችሁታል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ማብላያ ከጠፋ በኋላም ነዳጁ ሙቀት ማመንጨቱን አያቆምም፤ ማቀዝቀዝ የግድ ነው። ማፋጠኛ ግን ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የቅንጣቶቹ ጨረር ወዲያው ቀጥ ይላል። የተመታው ብረት ለጊዜው ሬዲዮአክቲቭ ሆኖ ሊቆይ እንደሚችል አልክድም፤ ይህም የራሱ ጥንቃቄ አለው።

ማፋጠኛን «ገንዘብ ማባከኛ» ያላችሁባት ቃልም አልተዋጠችልኝም። በጀርመን ዳርምሽታት የሚገኘውን ጂኤስአይ የተባለ የማፋጠኛ ላቦራቶሪ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1994 የኒኬል አተሞችን እርሳስ በሚባለው ብረት ላይ እየተኮሱ ዳርምሽታቲየም የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። ዕድሜው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ምን ይሠራል ብትሉ አልፈርድባችሁም። ግን በዚያው ላቦራቶሪ ከ1997 እስከ 2008 ከ400 በላይ የካንሰር ሕሙማን በካርቦን አዮን (ኤሌክትሮኖቹ በተገፈፉ፣ ኤሌክትሪክ ሙል ባለው የካርቦን አተም) ታክመዋል። አሠራሩ ደስ ይላል። አዮኑ ሰውነት ውስጥ ሲጓዝ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ሊቆም ሲል ነው በብዛት የሚያራግፈው። ሐኪሞቹ ፍጥነቱን መጥነው ልክ ዕጢው ላይ ያስቆሙታል። ከዕጢው ኋላ ያለው ጤነኛ አካል ብዙም አይጎዳም። ይህን ያመጣው ስለ አተም እምብርት የነበረ ጉጉት ነው፤ ማንም መጀመሪያ ለሕክምና ብሎ አልተነሣም።

ደግሞ እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ማፋጠኛ ስትጽፉ ነጭ እንፋሎት የሚተፋ የማብላያ ማማ ፎቶ አታውጡብን።

አክባሪ አንባቢያችሁ