ከፎቶው በፊት መሪውን ስጧት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የማርች 8 ሰሞን የውድድር ቱታ ለብሳ መኪና ተደግፋ ፎቶ የተነሳች ሴት በየገጹ እናያለን። ስንት ሰዓት እንደነዳች ግን የሚጽፍ የለም። ሴቶችን እደግፋለሁ የሚል የራሊ፣ ማለትም በጠጠርና በኩርባ መንገድ በሰዓት የሚደረግ የመኪና ውድድር፣ ትምህርት ቤት መለኪያው ግን መሪ ላይ የሰጣት ሰዓት ነው። ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ ያለ ስልጠና ይጀመር የሚሉ ስላሉ፣ የሚያስፈልገውን እንጻፍ።

ከደሴ ኮምቦልቻን የምንመርጠው ለሜዳው ብቻ አይደለም። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ሩቡን ትቀማለች፤ በ1,850 አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ትንሽ ትምራለች። ለጀማሪ የፊት ጎማው የሚጎትት አሮጌ ማኑዋል ኮሮላ ይበቃል። ቦታው 100 በ60 ሜትር የሆነ የጠጠር ሜዳ ነው፤ በየ15 ሜትሩ የሚቆሙ 5 ኮኖች፣ እሳት ማጥፊያና ሁለት ትርፍ ጎማ ይኑር። ለአንድ መኪና ከ4 ተማሪ በላይ አይመደብ፤ አለዚያ ቀኑ ተራ በመጠበቅ ያልቃል።

ከሁሉ በፊት ወንበር። የተማሪዋ ጀርባ ወንበሩን ሙሉ በሙሉ ነክቶ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ስትረግጥ ጉልበቷ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ትከሻዋ ሳይነሳ የእጇ አንጓ የመሪውን አናት ይድረስ። ካልደረሰ ከጀርባዋ ጠንካራ መደገፊያ ይታሰር። የተለመደው ስፖንጅ ትራስ ከሥሯ ማድረግ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ትራሱ ይንሸራተታል፣ እግሯ ፔዳሉን ይስታል፣ ከዚያ «ትፈራለች» ይባላል።

ጠጠር ላይ የጀማሪ ስህተት፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ነው። ነዳጅ እንደተሰጠው ኩርባ ውስጥ የገባ መኪና አልታጠፍ ብሎ ወደ ውጭ ይሄዳል። ተማሪው መሪውን ይበልጥ ይጠመዝዛል፤ ይብሳል። የፊት ጎማዎቹ መጎተቱንም መታጠፉንም ባንድ ጊዜ ተጠይቀው አቅማቸው አልቋልና። መፍትሔው ነዳጁን ለቀቅ፣ መሪውን ትንሽ መለስ ማድረግ ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ጎማው መሬት ይይዛል። የክንድ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር የለውም። በግራ እግር ፍሬን መያዝ ቀጥሎ ይመጣል። ግራ እግር ፍሪሲዮን መደፍጠጥ እንጂ ፍሬን ማባበል ስለማያውቅ መኪናው ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ አሰልጣኙም በመስታወት ሊወጣ ይደርሳል። ስለዚህ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ይጀመር፤ ቀበቶም ይታሰር።

ሁሉም መሪ መያዝ የለበትም። ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙተን እ.ኤ.አ. በ1981 በኦዲ ኳትሮ መኪና የጣሊያኑን የሳንሬሞ ራሊ አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮና ዙር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ ከጎኗ ተቀምጣ የመንገዱን ኩርባዎች ከማስታወሻ ያነበበችላት ፋብሪዚያ ፖንስ ነበረች። ለዚህ ልምምድ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ጠመዝማዛው የሐረጎ መንገድ አለልን፤ የራስ መኪናም አይጠይቅም። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጣ ኩርባዎቹን ትጻፍ፦ 1 በጣም ጠባቡ፣ 6 ሰፊው። «ግራ 2፣ 50፣ ቀኝ 4» ማለት ከጠባቡ ግራ በኋላ 50 ሜትር ሄዶ ሰፋ ያለ ቀኝ አለ ማለት ነው። በሁለተኛው ጉዞ ታርመው። ንባብ የሚበላሸው አንድ መስመር ሲዘለል ነውና በማስታወሻው በየገጹ ድልድይ ወይም ሌላ የማይሳት ምልክት ይግባ። ሐረጎ ላይ ሰዓት ይዞ መንዳት የሚያምረው ካለ ግን ይተወው፤ መንገዱ የአይሱዙና የመንገደኛ ነው።

የሴቶች ብቻ ክፍል የሚለው ሐሳብ ለመጀመሪያው ቀን አይከፋም፤ ከዚያ በኋላ ግን ይቀላቀሉ። ዓለም ሻምፒዮና ላይ ወንዱም ሴቷም የሚወዳደሩት በአንድ ዓይነት የሰዓት መለኪያ ነው። ጋራዡንም ይግቡበት። ጎማ ሲቀየር ብሎኖቹ መኪናው በክሪክ ሳይነሳ በፊት እንደሚላሉ፣ ያረጀ የፍሬን ዘይት ውኃ ስቦ ቁልቁለት ላይ እንደሚፈላና ፔዳሉ እስከ ወለል እንደሚወርድ በእጃቸው ሠርተው ይወቁት።

ስፖንሰር የሚሆን ድርጅት ካለ ቲሸርት ማሳተሙን ትቶ ጎማና የፍሬን ሸራ ይግዛ። ጠጠር ላይ ቶሎ የሚያልቁት እነሱ ናቸው።

የአሽከርካሪነት አሰልጣኞችና መካኒኮች
ኮምቦልቻ