የነጻ አውቶቡስ ካርድ በ60 ዓመት ለሁላችንም ይሁን

ለአዘጋጁ፦

62 ዓመቴ ነው። እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ። ስኮትላንድ፣ ዌልስ ወይም ሰሜን አየርላንድ ብኖር ኖሮ 60 ስሞላ በነጻ አውቶቡስ መሳፈሪያ ካርድ አገኝ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ግን ካርዱ ከመንግሥት ጡረታ ዕድሜ ጋር ታስሯል። ያ ዕድሜ ከ66 ወደ 67 እየተገፋ ነው። እኔንም 67 እስኪሞላሽ ጠብቂ ነው የሚሉኝ። ለንደን ያለችው እህቴ እንኳ ገና በ60 ዓመቷ ካርድ ወጥቶላታል፤ እዚያ ከተማው ለነዋሪው የራሱ አሠራር አለው።

ጉልበቴ ያማል፤ ደሞዜ ትንሽ ነው። እንዴት ነው የአንድ አገር፣ የዩናይትድ ኪንግደም፣ ሰዎች እርጅናችን በምንኖርበት ቦታ የሚለካው? ደግሞ ካርዱ ቢሰጠኝም በሥራ ቀን የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 ነው። እኔ አውቶቡስ የምጠብቀው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው። የሕዝብ እንደራሴዎቻችን ዕድሜውንም ሰዓቱንም እንዲያዩልን እጠይቃለሁ።

አንዲት አንባቢ፣ ከሊድስ