ክርክሩን ለእማዬ ስተረጉም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚፈልጉ ሰዎች ገና በየፓርቲያቸው ውስጥ ሲፎካከሩ የሚያደርጉትን የቴሌቪዥን ክርክር በዘገባችሁ ቁጥር ርዕሳችሁ ያው ነው። «ማን አሸነፈ?» አንዳንዴም «እገሌ እገሌን ዘረረው» ትላላችሁ። በእናንተ ብቻ አልፈርድም። እኔ ያለሁበት የአሜሪካ ጣቢያዎችም ክርክሩ ባለቀ በደቂቃው የሚያወሩት ይህንኑ ነው። እኔ ግን ክርክሩን የማየው አስተርጓሚ ሆኜ ስለሆነ አንድ ቅሬታ አለኝ።

የምተረጉመው ለእናቴ ነው። እማዬ እዚህ ቨርጂኒያ ዜግነት ከወሰደች ወዲህ ድምፅ ሳትሰጥ ቀርታ አታውቅም። እንግሊዝኛዋ ግን ለገበያና ለሐኪም ቀጠሮ ያህል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም። ፓርቲዎቹ ዕጩአቸውን በሚያስመርጡበት በቅድመ ምርጫው ቀን ሄዶ የፈለገውን ፓርቲ የድምፅ መስጫ ወረቀት ይጠይቃል። ስለዚህ እማዬ «ሁለቱንም ሳልሰማ እንዴት እመርጣለሁ?» ብላ የዴሞክራቱንም የሪፐብሊካኑንም ታያለች። እኔም የሁለቱ ፓርቲዎች ያልተከፈለኝ ሠራተኛ ሆኜ ቀረሁ።

መተርጎም ክፉ ነገር ነው። እንግሊዝኛውን ዝም ብላችሁ ስትሰሙት ይጥማል። ድምፁ ያምራል፣ ታዳሚው ያጨበጭባል፣ አንድ ቁም ነገር የተባለ ይመስላችኋል። ወደ አማርኛ ልመልሰው ስትሉ እጃችሁ ላይ ምንም የለም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ሪፐብሊካኖቹ ኒው ሃምፕሻየር፣ ማንቸስተር ላይ ተከራከሩ። እማዬ ያኔ ዜግነቷን ገና እየጠበቀች ነበር፤ የምታየው ለልምምድ ነው። ማርኮ ሩቢዮ ኦባማ የሚሠሩትን አያውቁም የሚባለው ውሸት ነው፣ የሚሠሩትን አሳምረው ያውቃሉ አሉ። ተረጎምኩ። ትንሽ ቆይተው ያንኑ አሉ። እኔም ያንኑ ተረጎምኩ። እማዬ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ይሄን ቅድም ነግረኸኛል» አለችኝ። የደገምኩት እኔ መስያት።

«እኔ አይደለሁም እማዬ፣ እሱ ነው።»

«ታዲያ የተጠየቀውን ለምን አይመልስም?»

ክሪስ ክሪስቲም እዚያው መድረክ ላይ ይህንኑ ነገሯቸው። ያጠኑት የ25 ሰከንድ ንግግር ነው ብለው ገላለጧቸው። ሩቢዮ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እንደገና ደገሙት! በዚያ ግዛት ምርጫ አምስተኛ ወጡ። ሕዝቡ ለሳምንት ሳቀባቸው። እኔ ግን በሳቸው ብቻ መሳቅ አልቻልኩም። ሁሉም እኮ አጥንቶ ነው የሚመጣው። የሳቸው ጥፋት ሲያጠኑ ማምሸታቸውን ማስነቃታቸው ነው።

ሳይጠና እንዴት ይሆናል? በጁን 2019 ማያሚ ላይ 20 ዴሞክራቶች በሁለት ምሽት ተከፍለው ቀረቡ። ለአንድ መልስ 60 ሰከንድ፣ ለማብራሪያ 30 ሰከንድ ተሰጣቸው። እማዬ በ60 ሰከንድ ስኒ እንኳ አታለቀልቅም። በሁለተኛው ምሽት ካማላ ሃሪስ ጆ ባይደንን የያዟቸው ስለ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ነበር። እዚህ ላይ አስተርጓሚው ጉድ ፈላበት። በ1970ዎቹ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በአንድ ትምህርት ቤት ለማስተማር ልጆቹ በአውቶቡስ ከሰፈር ሰፈር ይወሰዱ ነበር፤ ባይደን ያኔ ሴናተር ሆነው የፌዴራል መንግሥት ይህን ማስገደዱን ተቃውመዋል፤ ሃሪስ ደግሞ በልጅነታቸው በዚያ አውቶቡስ ከሚመላለሱት አንዷ ነበሩ። ይህን ሁሉ አስረድቼ ቀና ስል ሌላ ሰው ስለ ሌላ ነገር እያወራ ነው። በማግስቱ ወሬው ሁሉ «ሃሪስ አሸነፈች» ሆነ። የንግግራቸው ቃል የታተመበት ቲሸርት ሳይቀር ለሽያጭ ቀረበ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ አንድም ሰው ድምፅ ሳይሰጥ፣ ሃሪስ ከውድድሩ ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ባይደን ምክትላቸው እንዲሆኑ መረጧቸው። እማዬ ታዲያ እስካሁን ትጠይቀኛለች፦ «የአውቶቡሱ ጠብ ምን ደረሰ?»

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን እጅ ማስወጣቱ ነው። «እንዲህ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።» በኦገስት 2023 ሚልዋኪ ላይ ስምንት ሪፐብሊካኖች ቆመው የአየር ንብረት የሚለወጠው በሰው ድርጊት ነው የምትሉ እጅ አውጡ ተባሉ። ሮን ዴሳንቲስ የትምህርት ቤት ልጆች አይደለንም፣ እንከራከር አሉ። በልቤ አጨበጨብኩ። በዚያው ምሽት ትራምፕ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ቢባሉም የፓርቲው ዕጩ ከሆኑ ትደግፏቸዋላችሁ ወይ ተባለና እንደገና እጅ መጣ። ዴሳንቲስ ግራና ቀኝ አየት አደረጉና እጃቸውን አወጡ። ከስምንቱ ስድስቱ ደጋፊ ሆነው ተቆጠሩ። እጅ ለመተርጎም ይቀላል፤ እማዬም ራሷ አየችው። «ለምን?» ስትለኝ ነው መልስ ያጣሁት።

እዚያ መድረክ ላይ መውጫውም መንገድ ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። ቢያንስ 40 ሺህ ሰው ገንዘብ ያዋጣልህ መሆን አለበት ተብሎ ነበር። ያኔ የሰሜን ዳኮታ ገዥ የነበሩት ደግ በርገም ምን አሉ? 1 ዶላር ለላከልኝ የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ እልክለታለሁ። ይህን ስነግራት እማዬ ቦርሳዋን ፈለገች። ሰውየው ተሳካላቸው፤ መድረኩ ላይ ወጡ። በወሩ ካሊፎርኒያ በተደረገው ክርክር ደግሞ አወያይዋ ዕጩዎቹን ከመካከላችሁ ከደሴቱ የሚባረረውን ሰው ስም ጻፉ አለቻቸው። ደሴት ላይ ያሉ ተወዳዳሪዎች ድምፅ እየሰጡ እርስ በርስ እንደሚባረሩበት የቴሌቪዥን ጨዋታ መሆኑ ነው። ዕጩዎቹ እምቢ አሉ፤ ተመስገን። ትራምፕ በበኩላቸው በአንዱም ክርክር ሳይገኙ የፓርቲው ዕጩ ሆኑ።

ስለዚህ ክርክር አያስፈልግም የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። አልስማማም። በማርች 2020 ባይደንና በርኒ ሳንደርስ ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት ብቻቸውን ተከራከሩ። በኮሮና ምክንያት ታዳሚ አልነበረም። በክርን ተነካክተው ሰላምታ ተለዋወጡና ጀመሩ። ጭብጨባ የለም፣ ፉጨት የለም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ቆሞ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይመልስለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሮጥ ተረጎምኩ። እማዬም «አሁን ገና ተነጋገሩ» አለች።

እሷ የምታመሳክረው ከ1997ቱ የእኛ ምርጫ ጋር ነው። ያኔ የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አዲስ አበባ ያለው ሳሎናችን በጎረቤት ይሞላ ነበር። ከምርጫው በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለንና አላሳምረውም። ግን መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የገበሬው በሚለው ላይ ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ እማዬ ዛሬም ትነግራችኋለች። የማያሚውን ብትጠይቋት ግን ያለ አውቶቡሱ ምንም አታስታውስም።

አንድ የቆየ ነገር ልጨምር። በኖቬምበር 2011 ሚሺጋን ላይ በተደረገው የሪፐብሊካኖች ክርክር ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ሪክ ፔሪ ፕሬዚዳንት ከሆንኩ ሦስት መሥሪያ ቤቶችን እዘጋለሁ አሉ። ንግድን ጠሩ፣ ትምህርትን ጠሩ፣ ሦስተኛው ጠፋቸው። ቢያስቡ ቢያስቡ አልመጣ ሲላቸው «ኡፕስ» ብለው ተዉት። አገር ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። የጠፋቸው የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ነበር። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለ መርሳታቸው ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ምን ይሠራል፣ ቢዘጋስ ሥራውን ማን ይይዘዋል የሚለው ትዝ ያለው ጥቂት ሰው ነው። የአገሪቱን የኑክሌር ቦምቦች የሚንከባከበው እኮ እሱ ነው! በ2017 ትራምፕ ፔሪን የዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው። ፔሪም ሴኔት ፊት ቀርበው፣ ሥራውን ካስረዷቸው በኋላ ይዘጋ በማለታቸው መጸጸታቸውን ተናገሩ። ከአምስት ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ለ2028ቱ ምርጫ ክርክሮቹ ሲጀመሩ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። «ማን ዘረረ» የሚለውን ለሌሎቹ ተዉላቸው። በአንድ ገጽ ላይ በግራ በኩል የተጠየቀውን፣ በቀኝ በኩል የተመለሰውን በአማርኛ አስፍሩልን። ያልተመለሰ ካለ ቦታውን ባዶ ተዉት። ገጹን ቆርጬ ለእማዬ እሰጣታለሁ፣ እኔም ሻዬን በትኩሱ እጠጣለሁ። ፊደሉን ብቻ ትንሽ ተለቅ አድርጉት፤ መነጽሯን የት እንዳስቀመጠችው ሁልጊዜ አታስታውስም።

አንባቢያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ